አድዋ ምህጻረ ቃል አይደለም!

ወገን፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከአሁኑ ልንገርህ፣ በኋላ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው» እንዳትል።

ትናንት ማታ ገርጂ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት፣ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ፎርዋርድ አደረገልኝ። ከጀርባ ተራራ፣ ከፊት አንበሳ፣ ከላይ ባንዲራ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «አ ማለት አንድነት፣ ድ ማለት ድል፣ ዋ ማለት ዋስትና። አድዋ ማለት ይህ ነው! ሼር ያላደረገ ባንዳ ነው!» ከሥሩ ያለውን ኮሜንት ብታየው ጉድ ትላለህ። «ዋው፣ እስከዛሬ አላወቅኩም ነበር» ይላል አንዱ። «አባቶቻችን እንዴት ጥበበኛ ነበሩ» ትላለች ሌላዋ። ፕሮፋይሉ ላይ ዲግሪውን የለጠፈ አንድ ወንድማችን ደግሞ «አሜን» ብሏል።

እኔ ሼር አላደረግኩም። እንግዲህ ባንዳ ነኝ ማለት ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እናስብ። አድዋ ከጦርነቱ በፊት አልነበረችም እንዴ? ራስ ሚካኤል ስሑል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይን ሲገዙ መቀመጫቸው እዚያ ነበረች። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነጋዴ የሚያልፍባት፣ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች። ሸማኔዋ ይሸምን ነበር፣ አንጥረኛዋ ብር ያቀልጥ ነበር። ታዲያ ያኔ «ዋ» ምን ነበር? ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ድል ቀድሞ ምህጻረ ቃል ያወጣ ሰው ነበረ ነው የምትለኝ? ደግሞስ ከተማዋ የትግርኛ ተናጋሪ አገር ሆና፣ ስሟን በአማርኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ያወጣላት ማነው?

ስሙ ትግርኛ ነው፣ በቃ። «ዓዲ» ማለት መንደር፣ ቀዬ፣ አገር ማለት ነው። ዓዲግራት ውስጥ አለ፣ ከአድዋ ጥግ ባለችው ዓዲ አቡን ውስጥ አለ፣ ጎንደር ባለችው አዲ አርቃይ ሳይቀር አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት የጻፉት አድዋ «ዓዲ አዋ» ከሚለው የመጣ ነው፣ የአዋ ሰዎች መንደር እንደ ማለት። አዋ የሚባሉት ሰዎች ደግሞ በጥንቱ የአዱሊስ ወደብ ቆሞ በነበረ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የተጠቀሱ ናቸው። ድንጋዩ ዛሬ የለም። ጽሑፉን ግን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ስላስቀረው እኛ ዘንድ ደርሷል። አየህ? አንተ ባለ ሦስት ፊደል መፈክር ስትፈጥርለት፣ ስሙ የአክሱምን ዘመን ተሸክሞ መጥቷል። ከእውነቱ የሚያንስ ተረት ፈጥረህ ነው «ጥበብ» ያልከው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን። እኔም ራሴ ፊደሉ ላይ ስሳለቅ የነበርኩ ሰው ነኝ። አንዳንዱ «ዓድዋ» ብሎ በዐይኑ ዓ ሲጽፍ «ምን ያካብዳል፣ ሁለቱም አ ነው» እል ነበር። ለእኛ አፍ ልክ ነው፣ አማርኛ ድምፁን ከጣለው ቆይቷል። በትግርኛ ግን ዓ ከጉሮሮ የሚወጣ ራሱን የቻለ ድምፅ ነው፣ ሌላ ፊደል ካደረግከው ሌላ ቃል ይሆናል። ያቺ ፊደል «ዓዲ» የሚለውን ነው ይዛ ያለችው። እኔ ይህን ስጽፍ እንደ አፌ «አድዋ» እያልኩ ነው፣ አትፍረድብኝ፣ የለመድኩት ነው። በ«ዓ» የሚጽፈውን ግን ከእንግዲህ አልስቅበትም።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንምጣ። «ስም ምን ያደርጋል፣ ዋናው ድሉ ነው» የምትል ካለህ ይህቺን በደንብ አንብባት።

ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 22 ለ23 ሌሊት፣ 1888 ዓ.ም.፣ ከ17 ሺህ በላይ ጦር በሦስት ዓምድ ከፍሎ አንድ ደግሞ ከኋላ አስከትሎ አንቀሳቀሰ። በግራ በኩል ያለውን ጄኔራል አልበርቶኔን «ኪዳነ ምሕረት የምትባለውን ኮረብታ ያዝ» አለው። ካርታ ሰጠው። ካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት የሚል ስም ተጽፏል። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ስሙ የተጻፈበት ኮረብታ የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ አልነበረም። አልበርቶኔ ካርታው ላይ ያለው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹን ጠየቀ። እነሱም እውነቱን ነገሩት፣ «ኪዳነ ምሕረት እዚህ አይደለም፣ ወደፊት ነው»። ሰውየው ትእዛዝ አክባሪ ነውና ቀጠለ። በርካታ ኪሎ ሜትር ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ብቻውን የእኛ ጦር መሐል ገባ። ዳቦርሚዳ ሊደርስለት ሲል ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ተሳስቶ ወረደና እዚያው ቀረ፣ ሞተ። አሪሞንዲም ሞተ። አልበርቶኔ ተማረከ።

ጣሊያን የተሸነፈው በካርታ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዳትጠመዝዝብኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ከአዲስ አበባ በእግሩ የተጓዘው ሕዝብ፣ ከየአቅጣጫው ጦሩን ይዞ የመጣው መኳንንት፣ እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ ውኃውን ያስያዙበት ዘዴ፣ ቢርበውም የጠበቀው ሠራዊት ነው ያሸነፈው። ግን አስበው። የሰውን አገር ሊይዝ የመጣ ጦር የአንዲትን ኮረብታ ስም አያውቅም። ስሙን ከላይ ሆኖ ጻፈው፣ ታች ያለው ሰው ግን የራሱን ስም ነበር የሚጠራው። ጠቡ ራሱ የጀመረው በቃል አይደል? ውጫሌ ላይ በ1881 በተፈረመው ውል በአንቀጽ 17፣ አማርኛው አንድ ነገር አለ፣ ጣሊያንኛው ሌላ ነገር አለ። በቃል ጀምረው በቦታ ስም ተሰናከሉ።

እኛስ?

ቦሌ መንገድ ላይ ውጣ እስቲ። ከደንበል እስከ ኤርፖርት ያለው መንገድ በካርታ ስሙ አፍሪካ ጎዳና ነው። ታክሲ ውስጥ ገብተህ «አፍሪካ ጎዳና ወራጅ አለ» በል፣ ረዳቱ ምን ብሎ እንደሚያይህ ታውቃለህ። ከመድኃኔዓለም ጀርባ ካሜሩን ጎዳና፣ ናሚቢያ ጎዳና የሚል ሰሌዳ አለ። ሰው ግን «ኤድና ሞል ጋ ና» ነው የሚለው። ስም ከላይ ስለተለጠፈ አይያዝም። አንድ ስም ግን ማንም ሳያስገድደን ሁላችንም እንጠራዋለን፣ የካ ክፍለ ከተማ ያለው አድዋ ድልድይ። «አድዋ ወራጅ!» ትላለህ፣ ሒሳብህን ትከፍላለህ፣ ትወርዳለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም የአድዋ አጠቃቀም ይሄኛው ይሻለኛል። ቢያንስ አያስመስልም። ድልድይ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። የካቲት ሲገባ ቦሌን ተመልከት። ላውንጁ ሁሉ «አድዋ ናይት» ብሎ ፖስተር ይለጥፋል፣ ከጎራዴው ምስል ሥር የመግቢያው ዋጋ። የቲሸርቱ ዋጋ የእኔን የሳምንት የታክሲ ሒሳብ ይበልጣል። ከዚያ ፖለቲከኛው ይመጣል። የስንዴው አድዋ፣ የኢኮኖሚው አድዋ፣ የዲፕሎማሲው አድዋ። ግድቡ ጳጉሜን 2017 ሲመረቅ «ሁለተኛው አድዋ» ተባለ። ግድቡን አላቃልልም፣ እናቴ ከጉሊቷ ቀንሳ ቦንድ ገዝታበታለች። ግን ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው አድዋ እያልን ስንቆጥር አንደኛው ምን እንደነበር ረሳነው።

አንዴ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። የጠየቀኝ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ «የእናንተ ትውልድ የራሱን አድዋ መሥራት አለበት» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ደመወዙ ስንት ነው ብዬ ነበር። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ «የራስህን አድዋ ሥራ» ያለኝ ሰው ብዛት፣ «ና ሥራ» ካለኝ ይበልጣል።

ፒያሳ ላይ ደግሞ መታሰቢያው አለ፣ የካቲት 2016 የተመረቀው። ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ያምራል፣ ሂዱና እዩት። ሲገነባ «አድዋ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ይሉት ነበር። ጉዞው የተጀመረበት ቦታ ነው ለማለት ነው፣ ገብቶኛል። ግን ወንድሜ፣ አድዋ ከፒያሳ ዜሮ ኪሎ ሜትር አይደለችም። ወደ ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ሰው ይኖርባታል። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ፣ የካቲት 23 ቀን 2015፣ ምኒልክ አደባባይና ጊዮርጊስ አካባቢ በዓሉን ሊያከብር የወጣ ሰው ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሷል። ያንንም አልረሳሁም። ስሙን ለማክበር ሐውልት የሚያቆም እጅና ስሙን ሊጠራ የወጣውን የሚበትን እጅ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው።

ጣሊያኖቹን እንኳ እይ፣ ከእነሱም የምንማረው አለ። ዶጋሊ ላይ በጥር 1879 ራስ አሉላ ሲደመስሷቸው፣ ሮም ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» አሉት። የሞቱባቸውን ሰዎች ቁጥር ማለት ነው። እስከ ዛሬ ስሙ ያው ነው። ያ እንግዲህ ሐዘን ነው፣ የወራሪ ሐዘን ቢሆንም። በኋላ ፋሽስት ሲመጣ ግን ሌላ ሆነ። በመስከረም 1928 አድዋን ያዙ፣ «ተበቀልን» አሉ፣ ከዚያ ባሕር ኃይላቸው ለሰርጓጅ መርከቦቹ የእኛን ስሞች ሰጠ። አዱዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን። ሙሉ አንድ የመርከብ ዓይነት «አዱዋ» ተባለ። ስሙን ከሰዎቹ ነጥለው ብረት ላይ ለጠፉት። አዱዋ የተባለችው መርከብ በ1934 መስከረም፣ እኛ ነፃ ከወጣን ከወራት በኋላ፣ ሜዲትራኒያን ላይ በእንግሊዝ መርከቦች ተመትታ ሰጠመች። ይህን ሳነብ ስቄ ነበር። ከዚያ ሳስበው ሳቄ ቆመ። ስሙን ከሰዎቹ ነጥሎ መለጠፍ የእነሱ ብቻ ሥራ ነው እንዴ?

በኢሕአዴግ ዘመን ያደግክ ሰው ታስታውሳለህ፣ «የአድዋ ቡድን» የሚባል አነጋገር ነበር። መለስ ዜናዊ የአድዋ ልጅ ነበር፣ ሌሎችም ባለሥልጣናት ከዚያ ነበሩ፣ ስለዚህ ሥርዓቱን መስደብ የፈለገ ሰው ከተማዋን ይሰድብ ነበር። እኛ ሰፈርም ይባል ነበር። ያው ሰው፣ ያው አፍ፣ የካቲት 23 ጠዋት «አድዋ ኩራታችን» ብሎ ማታ ቢራ ላይ «እነዚህ አድዋዎች ጨረሱን» ይላል። እንዴት ነው ነገሩ? ስሙ ኩራትም ስድብም የሆነው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ እኮ ከዚያው ከአድዋ አካባቢ የወጡ ሰው ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ መንግሥት አስተዳደር የጻፉ። እኔ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄ ስማቸውን ያወቅኩት ከክፍል ውጪ ነው። «ቡድን» ያልነውን አካባቢ ሰው መጽሐፍ ሳላነብ ዲግሪ ያዝኩ።

አሁን የከበደኝን ልናገር።

ኅዳር 2013 ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። መንግሥት አክሱምና አድዋ ተያዙ ብሎ አወጀ። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በኮሮና ምክንያት ቤት ተቀምጬ፣ ቀን ከሌት ስልክ ላይ። የዲፓርትመንታችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁና «አድዋ በእጃችን ገባች! ድጋሚ አድዋ!» ብዬ ጻፍኩ። ባንዲራ አስከተልኩ፣ አምስት ይሁን ስድስት። ላይክ ዘነበ።

ማሰብ እኮ ነበረብኝ። አድዋን ከማን ነው የምይዘው?

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ልጅ መለሰ። አንደኛ ዓመት ዶርም አብረን ነበርን፣ እሱ ላይ እኔ ታች አልጋ። በጣም ዝምተኛ ልጅ ነው። የአድዋ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ዳቤ ሲላክለት ያካፍለኝ ነበር። እንዲህ ነው ያለው፦ «እናቴ እዚያ ናት። ስልክ አይሠራም። ደስ ካለህ ደስ ይበልህ።»

እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «ጁንታ» ብዬ መለስኩ። ላይክ ዘነበ።

ይህን የምጽፈው አዝናችሁ «አይዞህ» እንድትሉኝ አይደለም። አትበሉኝም። ልጁ ከግሩፑ ወጣ። ስልኩ የሚሠራበት ቀን እስኪመጣ ስንት ወር እንደቆየ የማውቀው እሱ በኋላ ስለነገረኝ ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015፣ ሃያ ሁለት አካባቢ በአጋጣሚ ተገናኘን። ሰላም ሊለኝ አይገባውም ነበር፣ አለኝ። ማኪያቶ ጠጣን፣ እሱ ከፈለ፣ እኔ አልነበረኝም። እናቱ በሕይወት አለች። ጎረቤቶቻቸው ውስጥ የሌሉ አሉ። ታላቅ እህቱ አልመዳ ጨርቃ ጨርቅ ትሠራ ነበር፣ ፋብሪካው በጦርነቱ ተዘርፎ ወደመ፣ እሷም እንደ እኔ ቁጭ ብላለች። እኔ ሥራ ያጣሁት ባለማግኘት ነው፣ እሷ ያጣችው የነበራትን ነው።

«ዓዲ» የሚለውን ቃል ያስረዳኝ እሱ ነው። እናቱ ከተማዋን በስሟ ጠርታት አታውቅም አለኝ። «አድዋ» የሚለው የእኛ፣ የሩቅ ሰዎች ቃል ነው። እሷ «ዓደይ» ነው የምትለው። አገሬ፣ ቀዬዬ። በደወለላት ቁጥር፣ «ዓደይ ደህና ነች» ትለዋለች።

ታዲያ አንተ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ «አ ማለት አንድነት» ስትሉኝ የማስበው ያቺን ሴትዮ ነው። አንድነት ካላችሁ አድዋ ላይ ይገነባል ተብሎ የነበረው የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ። የአልመዳ ሠራተኞች ወደ ሥራ ተመለሱ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሶሎዳ ተራራ ሥር የሚኖረው ሰው ዘንድሮ ምን በልቶ አደረ ብላችሁ ጠይቁ። አባ ገሪማ ገዳም በዓለም እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት የወንጌል መጻሕፍት መካከል ያሉት፣ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፉ፣ ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው፤ በጦርነቱ ወቅት ማን ስለ እነሱ ተጨነቀ? የምኒልክ ድል ነው፣ የእገሌ ብሔር ድል ነው፣ የጥቁር ሕዝብ ድል ነው እያላችሁ በየካቲት ስትቧቀሱ፣ ቦታው የማን መኖሪያ እንደሆነ የጠየቀ አንድ ኮሜንት አላየሁም። ሁሉም ድሉን ይፈልጋል፣ ከተማዋን የሚፈልግ የለም።

«አንተ ማነህ፣ ከማን ጋር ነህ» የሚሉኝ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ይምጡ። ይህ ገጽ ላይ ከአራት ዓመት በላይ አለሁ፣ ስሜን የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። በየካቲት 23 ጠዋት ከገርጂ በእግሬ ፒያሳ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ዘንድሮም ወጥቻለሁ፣ የአያቴን ጋቢ ለብሼ። ከዚያ ኩራት ላይ አንዲት ስንዝር አልቀነስኩም። የአባቶቻችንን ድል በምህጻረ ቃል የምትሸጥልኝን ግን አልገዛም።

ያንን ፎቶ የሠራኸው ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ እንደሚደርስህ አውቃለሁ፣ ግሩፖቻችን አንድ ናቸው። ፖስቱን አጥፋው። አንበሳውን ከፈለግክ ተወው፣ ፊደሉን ግን አጥፋ። እኔ የኅዳር 2013ቱን የራሴን ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ ፈልጌ አጠፋሁት። ስክሪን ሾቱ ያላችሁ ግን እንዳታጠፉት፣ ለእኔም አንድ ላኩልኝ።